ልጅ ይዞ መኪና ለሚጠራ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከዚህ ቀደም በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የመኪና መቀመጫ የሰጠነው መልስ በአመዛኙ የራሱ መኪና ላለው ቤተሰብ የሚሆን ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ በስልክ መተግበሪያ መኪና እየጠሩ ከሚንቀሳቀሱ ወላጆችና አያቶች የተላኩ ሲሆኑ፣ አንደኛውን የጻፈልን ደግሞ አሽከርካሪ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከመልሶቻቸው ጋር እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ የ9 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በመተግበሪያ መኪና እጠራለሁ። የልጅ መቀመጫ ቢኖረኝም፣ መቀመጫው የሚሰካበት ቤዝ የሚባለው ክፍል በወንድሜ መኪና ውስጥ ስለተገጠመ ያለ እርሱ የማይሠራ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ቤት ትቼው እወጣለሁ። አንድ ቀን ልሞክር ብዬ ይዤው ብወጣ ሹፌሩ «እህቴ፣ እዚሁ ቅርብ አይደል እንዴ፣ እቀፊው» አለኝ፤ እኔም አፈርኩና መቀመጫውን ከኋላ ከዕቃ ጋር አስጭኜ ልጄን ታቅፌ ሄድኩ። መንገዱ አጭር ከሆነና መኪናው ቀስ ብሎ ከተነዳ አጥብቆ ማቀፍ አይበቃም? ካልበቃስ በሰው መኪና ውስጥ፣ ሹፌር እየጠበቀኝ፣ መቀመጫውን እንዴት ላስር?

መልስ፦ አይበቃም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በእቅፍዎ ያለው ልጅም የሚሄደው በዚያው ፍጥነት ነው። መኪናው ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 9 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ልጅ ከእቅፍዎ እንዳይወጣ ለመያዝ ከ170 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ሸክም የማንሳት ያህል ኃይል ያስፈልግዎታል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ አደጋው እንደደረሰ እንኳ ሳያውቁ ነው። ቀስ ብሎ ይነዳ እንበልና ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ስሌቱ ወደ 60 ኪሎ ግራም ይወርዳል እንጂ ከእናት ክንድ አቅም በታች አይሆንም። የመንገዱ ማጠርም በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። አንዳንድ ወላጆች መፍትሔ መስሏቸው የመኪናውን ቀበቶ በራሳቸውና ባቀፉት ልጅ ላይ አንድ ላይ ያስራሉ፤ ይህን በፍጹም አያድርጉት፤ በግጭት ጊዜ የአዋቂው ሰውነት ወደ ፊት ሲገፋ ልጁ በቀበቶውና በአዋቂው መካከል ይጨፈለቃልና።

ልጅዎ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ መቀመጥ ያለበት ለምን እንደሆነም በአጭሩ እንግለጽ። አራስ ልጅ ሲወለድ ጭንቅላቱ ብቻ ከቁመቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ግን ከቁመቱ ከስምንት እጅ አንዱን ያህል ነው። ያንን ከባድ ጭንቅላት የሚሸከመው አንገት በ9 ወር ዕድሜ ገና ያልጠነከረ በመሆኑ፣ ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ሲቀመጥ የግጭቱ ኃይል በአንገቱ ላይ ብቻ ከማረፍ ይልቅ በጀርባው፣ በትከሻውና በጭንቅላቱ ላይ ተከፋፍሎ በመቀመጫው ይያዛል። ይህን ሐሳብ በመኪና ላይ ያዋሉት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ቤርቲል አልድማን ናቸው፤ መነሻ የሆናቸውም የጠፈር ተጓዦች መንኮራኩራቸው ሲወነጨፍ ኃይሉን በጀርባቸው እንዲቀበሉ ተደርጎ የተሠራው ወንበር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልቮ መኪና ውስጥ ተሞክሯል።

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ። አብዛኞቹ እጀታ ያላቸው የሕፃን መቀመጫዎች በመኪናው ቀበቶ ብቻ እንዲታሰሩም ሆነው የተሠሩ ናቸው። ያለ ቤዝ የማይሠሩ ጥቂት ዓይነቶች ስላሉ ግን የመቀመጫውን መመሪያ አውጥተው ያረጋግጡ፤ መመሪያው ከጠፋብዎ በመቀመጫው ጎን የተለጠፈውን ሥዕል ይመልከቱ። በብዙ መቀመጫዎች ላይ ልጁ ወደ ኋላ ሲዞር ቀበቶው የሚያልፍበት ጎድጎድ በሰማያዊ ቀለም ይታወቃል፤ ቀይ የተቀባው ወደ ፊት ለሚዞር ልጅ ነው። በአንዳንዶቹ የቀበቶው የወገብ ክፍል በልጁ እግሮች በኩል ያልፍና የትከሻው ክፍል በመቀመጫው ጀርባ ይዞራል፤ በሌሎቹ ደግሞ የወገቡ ክፍል ብቻ መቀመጫውን ይይዛል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቤት ሳሉ ይወቁ።

ቀበቶው ዘለበቱ ውስጥ ገብቶ «ቀጭ» ካለ በኋላ በአንድ እጅዎ መቀመጫውን ወደ ወንበሩ እየተጫኑ በሌላው የላላውን ቀበቶ በሙሉ ይሳቡ። ከዚያ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ መቀመጫውን ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም ማለት ነው። ልጁን የሚይዙት ጠፍሮች በትከሻው ትክክል ወይም ዝቅ ካለ ቦታ ይነሡ፤ ትከሻው ላይ ጠፍሩን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሲሞክሩ የሚያዝ እጥፋት ካገኙም እንደገና ያጥብቁ።

የታክሲ የኋላ ወንበር የራሱ ጠባይ አለው። ሰው የሚቀመጠው ቀበቶ ሳያስር ስለሆነ ዘለበቱ ብዙ ጊዜ ከፎደራው ሥር ተቀብሮ ይኖራል፤ አንዳንዴም ፎደራው ለዘለበቱ ቀዳዳ ሳይወጣለት ተሰፍቶ ይገኛል። ስለዚህ መቀመጫውን ከማስገባትዎ በፊት እጅዎን በወንበሩ መጋጠሚያ ሰደድ አድርገው ዘለበቱን ያውጡ፤ ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ስበው ይመልሱና አንድ ጊዜ በድንገት ጎተት ያድርጉት። ዘለበቱ ካልተገኘ፣ ቀበቶው ከተተለተለ ወይም መቀመጫውን ለመዞር ካጠረ በሌላኛው ጎን ይሞክሩ፤ እዚያም ካልሆነ ጉዞውን ሰርዘው ሌላ መኪና ይጥሩ።

ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼም ነው። ልጄ ሕፃን ሳለች፣ ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጥሩንባ ሲነፉብን ቀበቶውን በጥድፊያ አስሬ ተሳፈርን። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ መቀመጫው እንደ እንቅብ ወደ ጎን ጋደል አለ። ዘወር ብዬ ሳየው ቀበቶውን ያሳለፍኩት በእጀታው ሥር ነበር፤ ጎድጎዱ ባዶውን ነው። ሹፌሩን አስቁሜ እንደገና ለማሰር የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ያን ጊዜ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዲህ ሥራው መሠራት ያለበት መኪናው ከመምጣቱ በፊት ነው። የወንድምዎ መኪና ቆሞ በሚውልበት ቀን ቤዙን አውጥተው፣ መቀመጫውን በቀበቶ ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ ያስሩ፣ ይፍቱ፤ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ የሚያታግለው ነገር በኋላ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጉዞው ቀን ልጅዎን ቤት ውስጥ እንዳሉ መቀመጫው ላይ አስረው፣ ቦርሳዎን ይዘው፣ ጫማዎን አድርገው ከጨረሱ በኋላ መኪናውን ይጥሩ። አሽከርካሪው ጥሪውን እንደተቀበለ «ሕፃንና የሕፃን መቀመጫ ይዣለሁ፤ ለማሰር ሦስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገኛል» የሚል መልእክት ይላኩለት። መጠበቅ የማይፈልገው በዚያው ይሰርዛል፤ የሚመጣው ደግሞ አውቆ ስለሚመጣ ደጃፍ ላይ የሚደረገው ክርክር ይቀራል። በሚሳፈሩበት ጊዜ በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር ይግቡ፤ መቀመጫውንም በዚያው በኩል ቢያስሩት ሲወርዱ ከመንገዱ መኻል ከመቆም ይድናሉ።

«እቀፊው» የሚል ሹፌር በድጋሚ ካጋጠመዎ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ሳላስር አልሄድም፤ የማይመችዎ ከሆነ ሌላ እጠራለሁ» ማለት በቂ ነው። ማፈር ያለበት እርስዎ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ 14 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፣ ቁመቷም 97 ሴንቲ ሜትር ነው። የቤታችን መቀመጫ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ በአንድ ክንዴ እርሱን፣ በሌላው እርሷን ይዤ ደረጃ መውረድ ሰልችቶኛል። ጓደኛዬ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን ቡስተር ግዛና ተገላገል አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (የአንዲት ልጅ አባት)

መልስ፦ ጓደኛዎ የመከሩዎት ነገር ጊዜው ገና ነው። ቡስተር ልጁን ከፍ አድርጎ የአዋቂው ቀበቶ በትክክለኛው ቦታ እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ በራሱ ልጁን አይዝም። ትንሽ ልጅ ላይ የወገቡ ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ተንሸራቶ ለስላሳው ሆድ ላይ ይወጣል፤ ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት ወደ ጎን ስትዘነብል ደግሞ የትከሻው ቀበቶ ከቦታው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ በዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 መሠረት ቡስተር የሚፈቀደው ከ100 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጀምሮ ሲሆን፣ ጓደኛዎ የጠቆሙዎት ዓይነት የጀርባ መደገፊያ የሌለው ቡስተር ደግሞ 125 ሴንቲ ሜትር ለደረሰ ልጅ ነው። ልጅዎ 3 ሴንቲ ሜትር ብትጨምር ባለ መደገፊያው በቁመት ይፈቀድላታል ማለት ነው፤ ቢሆንም እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል የሦስት ዓመት ልጅ አይቼ ስለማላውቅ፣ የራሱ ጠፍር ያለውን መቀመጫ እስኪጠባት ድረስ ባይለቁ እመርጣለሁ።

የእርስዎ ችግር ክብደት እንጂ የመቀመጫው ዓይነት አይደለም። ለመንገደኞች ተብለው የተሠሩ፣ ጠፍር ያላቸውና የሚታጠፉ መቀመጫዎች ከአራትና ከአምስት ኪሎ ግራም አይበልጡም፤ አንዳንዶቹም በትከሻ ይታዘላሉ። የቤትዎ መቀመጫ ብዙ ንጣፍና ብረት ስላለው በአንድ መኪና ላይ ተገጥሞ ለሚኖር ሰው ጥሩ ነው፤ ደረጃ ለሚወርድ አባት ግን ቀላሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም በከበደው ቁጥር «ዛሬስ ይቅር» የሚሉበት ቀን ይበዛል። መቀመጫውን የሚጎትቱበት ጎማ ያለው ጋሪም ሆነ በትከሻ የሚሸከሙበት ማንገቻ ይሸጣል። ከዚህ ሌላ ጉዞዎ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ መዋያዋ ወይም ወደ አያቷ ቤት፣ መቀመጫውን እዚያው የሚያስቀምጡበት ጥግ ይለምኑ፤ አብዛኛው ሰው አይከለክልም።

መቀመጫ ሲለውጡ ወደ ኋላ የሚዞርበትን ዓይነትም ያስቡ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ከዚያ በፊት መለኪያ የነበረውን የሁለት ዓመት ዕድሜ ትቶ፣ ልጁ መቀመጫው የፈቀደውን የክብደት ወይም የቁመት ወሰን እስኪያልፍ ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ ብሏል። በስዊድን ደግሞ ልጆች እስከ አራት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ዞረው መጓዛቸው የተለመደ ነው። ለታክሲ የሚሆኑት ቀላል መቀመጫዎች ግን በዚህ ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ፊት የሚዞሩ ናቸው፤ ከተዉት ጉዞና ካልታሰረ ልጅ ጋር ሲመዘን ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም።

ከልጅዋ ጋር ብቻዎን ሲሆኑ አንድ ነገር ይልመዱ፦ መጀመሪያ እርሷን ይዘው ወደ ኋላው ወንበር ይግቡ፣ በሩን ይዝጉ፣ መቀመጫውንም ውስጥ ሆነው ያስሩ። እጅዎ በቀበቶ ተይዞ ሳለ የሦስት ዓመት ልጅ ከመንገድ ዳር እንድትጠብቅዎ መጠየቅ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 11 ወሯ ነው። አንዳንዱ አገልግሎት «የልጅ መቀመጫ ያለው መኪና» የሚል ምርጫ አለው። እርሱን ካዘዝኩ በኋላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ? (አያት)

መልስ፦ እናታችን፣ ምርጫው መኖሩ መልካም ነው፤ ግን መቀመጫ አለ ማለት ለ11 ወሯ ልጅ የሚሆን መቀመጫ አለ ማለት አይደለም። መኪኖቹ ብዙ ጊዜ የሚይዙት አንድ መጠን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ወደ ፊት ለሚዞሩ ከፍ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። አሁን በጠቀስነው ደንብ ቁጥር 129 መሠረት ልጅ 15 ወር ሳይሞላው ወደ ፊት መዞር አይፈቀድለትም። ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለአሽከርካሪው ደውለው መቀመጫው ወደ ኋላ ይዞር እንደሆነና የስንት ኪሎ ልጅ እንደሚችል ይጠይቁ። ሲደርስም መቀመጫውን ይነቅንቁት፤ ሹፌሩ ያሰረው ነው ብለው አይመኑ። ጠፍሮቹ ያለፈው ተሳፋሪ ልጅ ልክ ስለሚሆኑ የልጅ ልጅዎን ትከሻ አይተው ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግዎ አይቀርም። ከመቀመጫው ሥር የተሠራበት ወይም አገልግሎቱ የሚያበቃበት ዓመት ታትሞ ይገኛል፤ ቀኑ ካለፈበት፣ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ዘለበቱ ሲሳብ ከተከፈተ አይሳፈሩበት። ከሁሉም የሚሻለው የራስዎን መቀመጫ መያዝ ነው፤ በአደጋ ውስጥ ማለፉንና አለማለፉን የሚያውቁት የራስዎን ብቻ ነውና።

ጥያቄ፦ እኔ ሹፌር ነኝ። ልጅ ያቀፈች እናት ስትገባ ምንም ማለት እቸገራለሁ። ብናገር ተቆጥታ ዝቅተኛ ነጥብ ትሰጠኛለች፣ ዝም ብል ሕሊናዬ አይቀበለውም። ሕጉስ የሚጠይቀው ማንን ነው?

መልስ፦ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ታክሲን ከመቀመጫ ግዴታ ነጻ የሚያደርጉ አገሮችም ጥቂት አይደሉም። በብሪታንያ ሹፌሩ ተስማሚ መቀመጫ ከሌለው ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ቀበቶ በኋላ ወንበር መጓዝ ይችላል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ግን የአዋቂ ቀበቶ ማሰር አለበት። በኒውዮርክ ከተማም ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታክሲ ውስጥ በአዋቂ ጭን ላይ መቀመጥ ይፈቀድላቸዋል። እነዚህ ፈቃዶች የወጡት መንገደኛ ያለ መጓጓዣ እንዳይቀር ታስቦ ነው፤ ከላይ ያስላነው ሸክም ግን የታክሲውን መለያ አይቶ አይቀንስም። በሚሠሩበት አገር ያለውን ሕግ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጠይቀው ይያዙ።

በእጅዎ ያለው ግን ብዙ ነው። የኋላ ዘለበቶች በሙሉ ከፎደራው በላይ እንዲሆኑ ያድርጉ፤ ልጅ የያዘ ተሳፋሪ ሲደርስ «መቀመጫ ካለዎት እጠብቃለሁ፣ አይቸኩሉ» ይበሉ። ይህን ሰምታ ዝቅተኛ ነጥብ የምትሰጥ እናት ብትኖር ይገርመኛል። መቀመጫውን የሚያስሩላት ግን እርስዎ አይሁኑ፤ ስለ መቀመጫው የምታውቀው እርሷ ናት፤ የእርስዎ እርዳታ የጋቢናውን ወንበር ወደ ፊት ማስጠጋትና መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ማቆም ይሁን።

ጥያቄ፦ የኋላው ወንበር በሰው ከሞላ የሕፃኑን መቀመጫ ጋቢና ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ወደ ኋላ የሚዞር መቀመጫ፣ የሚሠራ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀጥታ የሚመታው የልጁ ጭንቅላት ያረፈበትን ጀርባ ነው። ኤርባጉ መጥፋት አለመጥፋቱን በሰው መኪና ውስጥ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከአዋቂዎቹ አንዱ ጋቢና ይግባ ወይም ሁለት መኪና ይጠራ።

ጥያቄ፦ በብርድ ጊዜ ልጄን ወፍራም ጃኬት አልብሼ ማሰር እችላለሁ?

መልስ፦ ጃኬቱን ያውልቁለት። በግጭት ጊዜ የጃኬቱ ሙሌት ይጨመቅና ጠፍሩ ልል ሆኖ ይቀራል። በስስ ልብስ አስረው ካጠበቁ በኋላ ጃኬቱን ወይም ብርድ ልብሱን ከላይ ያልብሱት።

ጥያቄ፦ ስንደርስ ልጄ ተኝቶ ከሆነ ከነመቀመጫው ቤት አስገብቼ እዚያው ላስተኛው?

መልስ፦ ከነመቀመጫው ማውረዱ ይቻላል፤ እንዲያውም ሹፌር በሚጠብቅበት ጊዜ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው። ቤት እንደገቡ ግን ጠፍሩን ፈትተው በጀርባው ደልዳላ አልጋ ላይ ያስተኙት፤ የመኪና መቀመጫ ከመኪና ውጭ ሲቀመጥ ወደ ኋላ ዘንበል የሚልበት ልክ ስለሚለወጥ የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ደረቱ ወድቆ ትንፋሹን ሊያጠበው ይችላል። ከመኪናው ሲወርዱ ደግሞ ከኋላ የጫኑትን ዕቃ እስኪያወጡ ድረስ የተሳፈሩበትን በር ክፍት ይተዉት፤ በሩ ክፍት ሆኖ የሚነሣ ሹፌር የለም።